ጆንያ ያለበስኳቸው ፓፓያዎች

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ድኛለሁ። የሰው ሕመም የሚያነብ ሰው «ተረፈች ወይስ አልተረፈችም?» እያለ ልቡ ተንጠልጥሎ እንዲቆይ አልፈልግም። ተርፌያለሁ። ዛሬም ነገሌ ገበያ ከጫት መደቤ ላይ ቁጭ ብዬ እጮኻለሁ፤ ድምፄን የሰማ ሁሉ ሳንባዬ ደህና መሆኑን ያውቃል። ይህን የምጽፈው በቤቱ ውስጥ ችግኝ ለሚያበቅል ሰው፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ችግኙን አልጋው አጠገብ ለሚያስቀምጥ ሰው ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ልጆቼ ዕድሜ ካላቸው አስተማሪዎች ጋር እየተጨቃጨቅሁ የለየሁት ፊደል ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆነኛል?

ስሜ ፋጡማ ነው። ነገሌ ተወልጄ፣ ነገሌ አድጌ፣ ነገሌ ወልጃለሁ። ባለቤቴን ሁሉም ሰው በበኩር ልጃችን ስም አባ ጀማል ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው። እሱ ሱቁን ይይዛል፤ ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሲገኝ ስኳር። እኔ ጫት እሸጣለሁ። ጫቱ ከደጋው በወደራ በኩል በጭነት መኪና ይመጣል። ጫት እንደ ጨው አይደለም፤ የእኛ አገር ፀሐይ ካገኘው ግማሽ ቀን አይቆይም። እናቴ ያስተማረችኝ ዘዴ አንድ ነው፤ ጆንያ ውሃ ውስጥ ትነክሪያለሽ፣ ትጨምቂያለሽ፣ እስሩን ትሸፍኚበታለሽ። ሲደርቅ እንደገና ትነክሪያለሽ። በዚህ ዘዴ ከእኔ መደብ የጠወለገ ጫት ይዞ የሄደ ሰው የለም። ጉራ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ኋላ ያሳመመኝ ይኸው ሙያዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአባ ጀማል ሆድ ነው። ሆዱ ይደርቅበታል፤ ሲደርቅበት ደግሞ ጠባዩም አብሮ ይደርቃል። ጤና ጣቢያ ሄዶ «ፓፓያ ይብሉ» ተባለ። ነገሌ ላይ ፓፓያ ከየት ይመጣል? አልፎ አልፎ ከሩቅ ይመጣል፤ ያም መንገድ ላይ ተቀጥቅጦ፣ ግማሹ ውሃ ሆኖ። አንድ ቀን እንዲህ ያለውን አንዱን ስሰነጥቀው ሆዱ ጥቁር ፍሬ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ይህ ሁሉ ዘር እጄ ላይ እያለ ምን ያስለምነኛል አልኩ። ይህን የሰማችው ጎረቤቴ አልማዝ ናት። ባሏ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ነው፤ እሷ ራሷ የደጋ ሰው ናት፤ ለሁሉም ነገር አስተያየት አላት።

«አንቺ ፋጡማ፣ በዚህ ፀሐይ ፓፓያ? ይልቅ ግመል ዝሪ፤ ቶሎ ይበቅልልሻል» ብላ ሳቀችብኝ።

በቃ። ሰው ከሳቀብኝ ነገሩን ከዳር ሳላደርስ አላርፍም።

ፍሬውን የሸፈነውን የሚያሙለጨልጭ ነገር በአመድ አሽቼ አጠብኩ፤ በጥላ አደረቅሁት። ከአሮጌ የከብት በረት የደረቀ ፍግ አስመጣሁ፤ ከአሸዋ ጋር ደባለቅሁ። በድርቁ ጊዜ ከመጣው እርዳታ የተረፉ የዘይት ቆርቆሮዎችና የዱቄት ወተት ጣሳዎች ሰብስቤ ሞላኋቸው። የመጀመሪያዎቹን ግቢ ውስጥ አስቀመጥኳቸውና ልክ ብቅ እንዳሉ ፍየል በላቸው። ቀጥሎ የዘራሁትን ዶሮ ጫረው። ያን ጊዜ ቆርቆሮዎቼን ሰብስቤ ወደ መኝታ ቤት አስገባሁ፤ ከቤታችን በሩ ደህና የሚዘጋው እሱ ብቻ ነበርና። ከአልጋዬ ራስጌ፣ ከትንሿ መስኮት ሥር፣ በሣንቃ ላይ ደረደርኳቸው።

በቀሉ! አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው ወጥተው፣ ቀና ብለው፣ ሁለት ሁለት ቅጠል ሲዘረጉ ሳይ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው ያደረገኝ። ለአልማዝ መስኮቱን ከፍቼ አሳየኋት። «ግመሎቼ ወጡልሽ» አልኳት።

ግን ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። ቀትር ላይ ሲግል ክፍሉ ምድጃ ይሆናል፤ ችግኞቹም ቅጠላቸውን ጣሉ። እኔ ደግሞ የጠወለገ ቅጠል ካየሁ እጄ ሳላዘው ጆንያ ያነሳል። ከሣንቃው በላይ እንጨት አጋድሜ እርጥብ ጆንያ አለበስኳቸው። ከዚያ ወዲህ ይህ የየማታ ሥራዬ ሆነ። መግሪብ ሰግጄ እገባለሁ፤ ጆንያውን አነሳለሁ፤ የያዘውን ቆሻሻ አራግፋለሁ፤ ነክሬ እጨምቃለሁ፤ ችግኞቹን ውሃ አጠጣለሁ፤ መልሼ እሸፍናለሁ። ቢምቢና አቧራ እንዳይገባ መስኮቱን እዘጋለሁ። ከዚያ እዚያው አጠገባቸው እተኛለሁ። ጫት የተቆረጠ ቅጠል መሆኑን፣ ችግኝ ግን የሚተነፍስ ነገር መሆኑን አላሰብኩም። ማን ያስባል? ለሃያ ዓመት እንጀራ ያበላኝ ዘዴ ነው።

ጥቂት ቆይቶ አንዳንዶቹ አንገታቸው ላይ እየቀጠኑ ተኙ። ጠምቷቸው ነው ብዬ ውሃ ጨመርኩ። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ወጣ፤ ጆንያውም በውስጥ በኩል አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ያዘ። አልማዝ አይታ «ምንድን ነው ይሄ?» ስትለኝ፣ «ጥጥ ነው፤ ፓፓያዎቼ ለባልሽ ጋቢ ሊፈትሉ ነው» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

ሕመሙ በዚያው ሰሞን ጀመረኝ። ከተኛሁ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያንቀጠቅጠኛል፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ደረቴን ሰው የቆመበት ያህል ይጨንቀኛል። ሳል ይመጣል፤ ደረቅ ሳል፤ ምንም አይወጣውም። ሲነጋ ሰውነቴ ዝሎ እነሳለሁ፤ ረፋድ ላይ ገበያ ስደርስ ግን ቀለል ይለኛል፤ ቀትር ላይ እንደ ወትሮዬ እጮኻለሁ።

አባ ጀማል ግራ ገባው። «ማታ ትሞቻለሽ፣ ቀን ትነግጃለሽ» አለኝ። «ከሁለቱ አንዱን ያዢ።»

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ የአገራችን ልጅ ነው፤ ያውቀኛል።

«አካም ቡልተን፣ አዴ ፋጡማ?» አለኝ።

«ማደሩንስ ክፉ ነው ያደርኩት። ትኩሳት ገደለኝ።»

ብብቴ ሥር መለኪያውን ከትቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «አንቱ ትኩሳት እኮ የለዎትም።»

«አሁን የለኝም። ማታ ነው የሚመጣው። ማታ ለካኝ።»

«ማታ ዝግ ነን።»

«እንግዲያው ትኩሳቱን በሥራ ሰዓት ና እለዋለሁ» አልኩት። እየሳቀ ለወባ የሚሰጠውን ኪኒን ሰጠኝ፤ በእኛ አገር ማታ ማታ ያንቀጠቀጠው ሰው ሁሉ ወባ ነውና አልፈርድበትም። ኪኒኑ ሰውነቴን ሲያሳክከኝ ሰነበተ፤ ትኩሳቱን ግን አልነካውም። ቀጥሎ ሌላ ቦታ ብርድ ነው፣ የሳንባ ምች ነው ተባልኩና የፔኒሲሊን መርፌ ተወጋሁ። ጎኔ አብጦ መደቤ ላይ በአንድ ወገን ነበር የምቀመጠው። የሸጥነውን ፍየል አልቆጥርም። ቀሚሴ ሰፋኝ፤ ጉንጬ ገባ። ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጊት ግድግዳ እይዝ ጀመር።

በመጨረሻ ራጅ ካለበት ሐኪም ቤት ላኩኝ። እዚያ ያለውን ወንበር መቼም አልረሳውም፤ ረጅም የእንጨት አግዳሚ፣ ፊት ለፊቱ የተዘጋ በር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁላችንም እንነሳለን፤ ነርሷ አንድ ስም ትጠራለች፤ የተቀረነው መልሰን እንቀመጣለን። ከቆላው የመጡ ከብት አርቢዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ከጦር ሰፈሩ የመጡ ወታደሮች። ቦታ ጠፍቶ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ሳለ አንድ የቦረና ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱልኝ። «ኮቱ፣ ታኢ» አሉኝ፤ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። እኔ አይሆንም ስል እሳቸው ቀድመው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ናጋ?» አሉኝ ከዚያ፤ ሰላም ነሽ ወይ ማለታቸው ነው።

«ናጋ» አልኩ፤ ግን ሳሉ ከቃሉ ጋር አብሮ ወጣ።

«አንቺ ናጋ ትያለሽ፤ ደረትሽ ግን አልተስማማም» አሉኝ። ከታመምኩ ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ሐኪሙ በግድ ያወጣሁትን አክታ አስመረመረ፤ ራጅ አነሳኝ። ወጣት ነው፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፤ ነገር አያድበሰብስም።

«እናቴ፣ አክታዎት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ተባይ አልታየም» አለኝ። «ራጁ ላይ ግን ሁለቱም ሳንባዎ ላይ ጥላ አለ። ክብደትም ቀንሰዋል። ሳንጀምር ብንቀር ያስፈራኛልና መርፌውን እንጀምራለን።»

የሳንባ ነቀርሳ። እኛ ሰፈር ይህን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራው የለም፤ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው። ቤት ስደርስ ግን ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

አባ ጀማል የዚያኑ ቀን ፍራሹን ወደ ሱቅ ወሰደ። «ሌባ በዝቷል፤ ሱቁን ልጠብቅ» አለ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስለ ሌባ አንድ ቀን ተጨንቆ አያውቅም። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነውን የቆርቆሮ ኩባያዬን ከሌላው ዕቃ ለይቼ ምስማር ላይ የሰቀልኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲለየው ከማይ ብዬ። ደንበኞቼም አንድ በአንድ ወደ ማዶው መደብ አለፉ። ጫት ወደ አፍ የሚገባ ነገር ነውና አልፈርድባቸውም። ትንሽ ፈርጄባቸዋለሁ።

ይህ ሁሉ ግን የሚቻል ነበር። የማይቻለው የዘይነብ ነገር ነው። ዘይነብ አንዲት ሴት ልጄ ናት፤ የመጀመሪያዋን ልጅ አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። በእኛ ወግ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው፤ አራሷን የምታርሰው እናት ናት። ከማር እስከ ቅቤ ሁሉን አዘጋጅቼ ነበር። አማቷ ግን «ጨቅላ እዚያ ቤት አይገባም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ትክክል ነበሩ፤ እኔም በቦታቸው ብሆን ያንኑ እል ነበር። ቢሆንም ያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል ለእናቴ ሞት አላለቀስኩም። ልጄ ምጥ ላይ ሆና እኔ የራሴን ሳል እያዳመጥኩ ቁጭ አልኩ።

ሴት ልጅ ወለደች። ሰሚራ አሏት። ለማየት ሄጄ ከአማቷ አጥር ውጭ ቆምኩ፤ ዘይነብ በሩ ላይ ብቅ ብላ ጥቅልሉን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

«እማ፣ ታያታለሽ?» አለችኝ።

«አያታለሁ» አልኩ። ያየሁት አንድ እግር ነው። ከነጠላው ያመለጠች አንዲት ትንሽ እግር።

ያን ማታ ደረቴ እንደተለመደው ሲጨነቅ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞትን በስሙ ፈራሁት። መሞቱ አይደለም የከበደኝ፤ ያቺን ልጅ ሳላቅፍ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳላጥባት መሄዱ ነው። በቤቱ ውስጥ ከእኔ ጋር ያደሩት ችግኞቹ ብቻ ነበሩ። ተነሳሁና ጆንያቸውን አረጠብኩላቸው። ሌላ የምንከባከበው ነገር አልነበረኝም።

አልማዝ በነጋው መጣች። ከመግባቷ ኩባያዬን ከምስማሩ አወረደች፣ ከእንስራው ቀዳች፣ ጠጣችበት፣ መልሳ ሰቀለችው። ጮህኩባት፤ ሞኝ ነሽ አልኳት። ሐኪም ያዘዘውን ጥንቃቄ መጣስ ጀግንነት አይደለም፤ እናንተም እንዳታደርጉት። ግን እስከምሞት አልረሳትም።

ያቤሎ የሚኖረው ወንድሜ አደም ይህን ሁሉ ሰምቶ ላከብኝ። «ነይ፣ እዚህ አየር ትቀይሪያለሽ፤ መርፌውንም እዚህ ይወጉሻል» አለ። ሐኪሙ ፈቀደ፤ ወረቀት ጻፈልኝ። ከመሄዴ በፊት አባ ጀማልን ጠርቼ ትእዛዝ ሰጠሁ፤ መግሪብ ላይ ጆንያውን አንስቶ፣ አራግፎ፣ ነክሮ፣ ችግኞቹን አጠጥቶ እንዲሸፍን። «ከአንዱም ቅጠል ቢጎድል ወዮልህ» አልኩት። እሱ እያጉረመረመ እሺ አለ።

በጭነት መኪና ላይ፣ በጨው ጆንያ መካከል ተንገላትቼ ያቤሎ ገባሁ። አደም ግቢ ውስጥ ባለችው የሣር ጎጆ አነጠፈልኝ፤ ነፋስ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣባት ጎጆ ናት። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳልኩ። በሁለተኛው ትንሽ ሳልኩ። ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ ቀረ! ጠዋት ስነሳ ደረቴ ላይ የቆመው ሰውዬ ወርዷል። የአደም ሚስት ያቀረበችልኝን ሁሉ እበላለሁ፤ ያልቀረበልኝንም እጠይቃለሁ። ጉንጬ ሲመለስ ጉራዬም ተመለሰ። መርፌው ሠራ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልኩ። እዚያ ያየኝ ሐኪምም ደረቴን አዳምጦ እጅግ ደስ አለው፤ ነገሌ ተመልሼ ከሐኪሜ ጋር እንድቀጥል ነገረኝ።

ነገሌ የገባሁት እንደ ጀግና ነው። ለዘይነብ ልኬባት ነበር፤ በነጋታው ሰሚራን አፏን በነጠላ ሸፍና ግቢያችን ድረስ ልታመጣልኝ ተስማማን። አማቷም አልከለከሉም። እኔ መኝታ ቤት ገባሁ። ችግኞቼ ግማሾቹ ተኝተዋል፤ የቀሩት ቀጥነው ረዝመዋል፤ ጆንያው ከብዷል። አባ ጀማልን እየረገምኩ ራሴ አነሳሁት፤ ደህና አድርጌ አራገፍኩት፤ ከእሱ የተነሣው ዱቄት በመብራቱ ዙሪያ ሲንሳፈፍ አየሁት። አረጠብኩ፣ አጠጣሁ፣ ሸፈንኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ተኛሁ።

ሌሊት ላይ መጣ። መንቀጥቀጡ፣ ትኩሳቱ፣ ደረቴ፣ ሁሉም፤ ከበፊቱም ብሶ።

በነጋው ዘይነብ ሰሚራን ታቅፋ መጥታ አጥሩ በር ላይ ስትደርስ፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ «ተመለሺ!» ብዬ ጮህኩ። ሳሉ ድምፄን ሰበረው። ልጄ ዞራ ሄደች። ከኋላዋ ስመለከት የነጠላዋን ጫፍ ብቻ ነው ያየሁት። ያን ጊዜ በቃ አልኩ፤ እንግዲህ ያለኝ መድኃኒት መርፌው ነበር፤ እሱም አልሠራም።

አባ ጀማል ገብቶ በሩ ላይ ቆመ።

«የጀማል እናት» አለኝ፤ «እኔም ይዞኛል።»

«ምን ይዞሃል?»

«ያ በሽታ። አንቺ ያቤሎ ሳለሽ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ደረቴም ይጨንቀኛል። ሰው እንዳይሰማ ብዬ ሱቅ ውስጥ አፌን በብርድ ልብስ አፍኜ ነው የምስለው። ወላሂ፣ ሱቁ ይዘጋብናል ብዬ ፈራሁ።»

ባሌን ገደልኩት ብዬ ነው ያሰብኩት። ግን እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ከነጋዴ ጋር የተከራከርኩ ሴት ነኝ፤ ቢከፋኝም አፌ መጠየቅ አይተውም።

«በየቀኑ ነው የሚይዝህ?»

«የለም። አንዳንድ ቀን ነው።»

«የትኛው ቀን?»

አንገቱን ሰበረ። «ውሸት የለም እንግዲህ፤ ችግኝሽን በየቀኑ አላጠጣሁም። ጆንያውን ያነሳሁ ቀን ማታ ነው የሚይዘኝ። ስታራግፊው ጉሮሮ ይበላል። ያላነሳሁ ቀን ደህና አድራለሁ።»

እሱን አየሁት። ከዚያ ሣንቃውን አየሁት። ከዚያ አደም ግቢ ያለችው፣ ነፋስ የሚያልፍባት ጎጆ ታየችኝ። እዚያ ችግኝ አልነበረም፤ ጆንያም አልነበረም።

«ቁም!» አልኩት፤ እሱ እኮ ቆሞ ነበር።

ጆንያውን በላስቲክ ጠቅልዬ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። አግዳሚው ላይ አልተቀመጥኩም፤ በሩ ሲከፈት ተራዬን ሳልጠብቅ ገባሁ፤ ለዚህ ዛሬም ይቅርታ አልጠይቅም። ሐኪሙ ላስቲኩን ገለጥ አድርጎ አይቶ ወዲያው መልሶ ቋጠረው።

«እናቴ፣ ይህ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ራስጌዬ።»

«እዚያው ይተኛሉ?»

«ታዲያ የት ልተኛ?»

ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስነገረኝ፤ ስለ ጫቱም፣ ስለ ፓፓያውም፣ ስለ ያቤሎውም። ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። እርጥብና የታፈነ ነገር ይሻግታል፤ ሻጋታው ሲደርቅና ሲራገፍ ዓይን የማያየው ዱቄት ይሆናል፤ ያንን ማታ ማታ የሚስብ ሰው ሳንባው ይቆጣል፣ ያብጣል። በሌላ አገር እርጥብ ድርቆሽ የሚያከማቹ ገበሬዎችን እንዲህ ያለ ነገር እንደሚይዛቸው ተምሮ ነበር፤ የጫት ነጋዴ ግን አይቶ አያውቅም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም አለኝ። ይህችን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

«ግን ገና እርግጠኛ አይደለሁም» አለ። «ችግኙም ጆንያውም ከቤት ይውጣ። ክፍሉን በኖራ ያስቀቡት። እርስዎ ሌላ ቦታ ይተኛሉ። አክታውን ደግመን እናያለን፤ ከዚያ ራጅ እናነሳለን። ራጁ እስኪፈርድ ድረስ መርፌውን አያቋርጡም። ሕፃኗንም ይታገሡ።»

ታገሥኩ። እኔ ፋጡማ፣ ታገሥኩ። አባ ጀማል አፍና አፍንጫውን በሻሽ ጠቅልሎ ችግኞቹን አወጣ፤ ጆንያውን ግቢው ጥግ ላይ ቀበረው። ሱቅ ውስጥ፣ በጨውና በላምባ መካከል፣ ከባሌ ጎን ፍራሽ ዘርግቼ ተኛሁ። ሌባ ቢመጣ ሁለታችንን ባገኘ ነበር። የሁለታችንም ትኩሳት ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

የመጨረሻው ራጅ ቀን አልማዝ አብራኝ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እሷ ማርያምን ትጠራለች፣ እኔ አላህን እጠራለሁ፤ ነርሷ መጥታ «ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ጸልዩ» አለችን። ሐኪሙ አሮጌውንና አዲሱን ራጅ ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ ለጥፎ አሳየኝ። አሮጌው ላይ ጉም የመሰለው ነገር አዲሱ ላይ የለም፤ የጎድን አጥንቶቼ ብቻ ተደርድረዋል። አክታውም ንጹሕ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ መርፌው ይቁም አለ።

ከሐኪም ቤቱ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። አልማዝ «ቀስ በይ» እያለች ከኋላዬ ትሮጣለች፤ እኔ በነገሌ ዋና መንገድ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ወደ ዘይነብ አማት ቤት ገሰገስኩ። ሳልስል ደረስኩ። አማቷ በሩ ላይ ቆመው ፊቴን አዩትና ገለል አሉ። ዘይነብ ተነስታ ልጅቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ክብደቷን ስሰማ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች፤ ተርባ ነው መሰለኝ።

አሁን ለእናንተ። ማታ ታሞ ቀን የሚሻለው ሰው ካለ፣ ከቤቱ ሲርቅ ድኖ ሲመለስ የሚታመም ካለ፣ ሐኪሙ ባይጠይቀውም ይንገር፤ የት እንደሚተኛና አጠገቡ ምን እንዳለ። እኔ ስለ ጆንያዬ ማንም ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም፤ ሙያ እንጂ በሽታ አልመሰለኝም ነበር። ደግሞም የሳንባ ነቀርሳ ነው የተባለ ሰው የእኔን ታሪክ አንብቦ መድኃኒቱን እንዳይጥል፤ መርፌውን ያስቆመው ሐኪሙ ነው፤ እኔ አይደለሁም።

ስለ ችግኝ ደግሞ፤ የቆርቆሮውን ቂጥ ብሱት፣ ውሃው ይውጣ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት፣ ከደረቀ ጠዋት አጠጡት። ፀሐይ ጥቂት በጥቂት አለማምዱት። ከፍየል የሚያድነው እሾህ ነው እንጂ የመኝታ ቤት በር አይደለም። እርጥብ ጆንያ የጫት ልብስ ነው፤ ለጫቱም ቢሆን በየጊዜው አጥባችሁ ፀሐይ አስመቱት።

ከተረፉት ችግኞች ሁለቱ ግቢያችን ውስጥ፣ በእሾህ አጥር መካከል፣ ከጣሪያው በላይ ወጥተዋል። አንዱ ወንድ ሆኖ አበባ ብቻ ያወጣል፤ አልማዝ «ባልሽን መሰለ» ትላለች። ሌላው አፈራ። የአባ ጀማል ሆድም ጠባዩም ለስልሷል፤ ፍራሹንም መልሶ አምጥቷል። ሰሚራ ጡት ጥላለች፤ እኔ ዘንድ ካላደረች እንቅልፍ አይወስዳትም። መስኮቱ ገርበብ ብሎ ያድራል። በእኔና በአያቷ መካከል ተጋድማ ትተኛለች፤ ሌሊት ላይም አንሶላውን አርጥባ ታስነሳኛለች። ከዚያ ወዲህ በመኝታ ቤቴ እርጥብ ነገር እንዲገባ የፈቀድኩት ለእሷ ብቻ ነው።